ሳይመረምሩ መምረጥ
ከጭቃ ሹም ተራ እስከ ድምፅ መስጫ ሣጥን

ከደብረ ታቦር በስተምዕራብ፣ ወደ ጣና በሚወርደው በጉማራ ወንዝ ተፋሰስ ውስጥ የምትገኘው ወንዛዬ በሩቅ አገር ሰው ዘንድ የምትታወቀው በፍል ውኃዋ ነው። የአካባቢው አርሶ አደር ግን ክረምት ሲገባ የሚጨነቅበት ሌላ ውኃ አለ። ዝናቡ ማሳውን ጠርጎ እንዳይወስድበት፣ ዘሩም ውኃ ተኝቶበት እንዳይበሰብስ በሞፈርና በቀንበሩ ሰያፍ ትልም ያወጣል። ይህን ትልም «ፈሰስ» ይለዋል። ፈሰስ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ የቆየ ጥበብ ነው።

ይሁን እንጂ ከላይኛው ማሳ የወጣ ውኃ የሚያርፈው በታችኛው ማሳ ላይ ነው። የላይኛው ገበሬ ፈሰሱን ወዴት እንደሚያወጣ ሳያስብ ከተለመ፣ የታችኛው ጎረቤቱ ቡቃያውን ያጣል፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ድንበሩ ላይ ቦረቦር ይከፈታል። በ2000ዎቹ ዓ.ም. በወንዛዬ አካባቢ የተካሄደ የአፈር ጥናትም ፈሰስ በበዛበት ተዳፋት፣ የድንጋይ እርከን ካለበት ይልቅ ቦረቦር በቀላሉ እንደሚጀምር አሳይቷል። ፈሰሱን የሚያወጣው ሰው በራሱ መሬት ላይ ብቻ የወሰነ ይመስለዋል፤ ውኃው ግን የሰው ድንበር አያውቅም።

የምርጫ ድምፅም እንደዚሁ ነው። መራጩ ካርዱን ይዞ ከመጋረጃው በስተጀርባ ብቻውን ይገባል፤ የመረጠውን ማንም አያይበትም። ከሣጥኑ የሚወጣው ውጤት ግን በጎረቤቱም፣ በልጆቹም፣ ድምፅ ባልሰጠውም ሰው ላይ ይወርዳል። በመሆኑም ድምፅ መስጠት መብት ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ የመመርመርና የመጠየቅ ግዴታም ነው። የደብረ ታቦርና የአካባቢው ገበሬ ወደዚህ መብት የደረሰበት መንገድ ረጅምና ውጣ ውረድ የበዛበት በመሆኑ፣ ታሪኩን መለስ ብሎ ማየት ጠቃሚ ይሆናል።

የተራ ሹመት

ምርጫ የሚለው ቃል ከመምጣቱ በፊትም የደጋው ገበሬ ሹመትን ያውቅ ነበር። በጎንደርና በጎጃም የርስት አገሮች የጭቃ ሹምነት በየዓመቱ በርስተኞቹ መካከል በተራ ይዞር ነበር። አገሩን መጀመሪያ ያቀናው አባት ልጆች ነን የሚሉ ዘሮች ተራቸውን ጠብቀው ሹም ያቀርባሉ። ጭቃ ሹሙ ግብር ይሰበስባል፣ የበላይ ትእዛዝ ያስተላልፋል፣ ትናንሽ ክርክሮችን ያያል።

ይህ አሠራር አንድ ጥሩ ጎን ነበረው። ተራው የደረሰውን ሰው መንደሩ በሙሉ ያውቀዋል። ቤቱን እንዴት እንደሚያስተዳድር፣ ብድር እንደሚመልስና እንደማይመልስ፣ በሸንጎ ሲቆም እውነት እንደሚናገርና እንደማይናገር ከልጅነቱ ጀምሮ የታየ ነው። በዓመቱ መጨረሻም ሹመቱን አስረክቦ ተመልሶ ጎረቤት ይሆናል፤ ስለዚህ በሹመቱ ዘመን የሠራው ሁሉ ይጠብቀዋል።

ችግሩ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ርስት የሌለው ሰው፣ ሸማኔውና ቀጥቃጩ፣ አብዛኛውን ጊዜም ሴቶች፣ ከተራው ውጪ ነበሩ። ሁለተኛ፣ ከጭቃ ሹሙ በላይ ያለውን የሚጠይቅ አልነበረም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አባባል የዘመኑን ሥርዓት በአጭሩ ይገልጸዋል። ገበሬው በቅርብ የሚያየውን ሹም ያውቃል፤ ዕጣውን የሚወስነው ሰው ግን ከእይታው ውጪ ነበር።

«ሕዝቡ እስኪደርስ ድረስ»

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ሲወጣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተቋቋመ። ይሁንና አባላቱን የሚመርጡት ሕዝቡ ሳይሆን መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ነበሩ። ምክንያቱም ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪደርስ ድረስ ነው ተብሎ በሕጉ ተቀመጠ። ሕዝቡ መድረሱ በምን እንደሚለካ ግን ሕጉ አልተናገረም። በዚህ ዓይነት ሃያ አራት ዓመታት አለፉ።

ይህ ታሪክ ዛሬም ትምህርት አለው። «ገበሬው አያውቅም» የሚለው ቃል ገበሬውን ለማስተማር ሳይሆን መብቱን ለማዘግየት አገልግሏል። ስለዚህ ዕውቀት ድምፅ ለማግኘት የሚከፈል ዋጋ ተደርጎ መታየት የለበትም። ድምፅ ለሁሉም እኩል የሚገባ ነው። ዕውቀት ደግሞ ድምፁን የያዘው ሰው ራሱ የሚወጣው ኃላፊነት ነው።

ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዕድሜያቸው 21 ዓመት ለሞላ ኢትዮጵያውያን ወንዶችና ሴቶች የመምረጥ መብት ሰጠ። በ1950 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት በሕዝብ የተመረጠ የመጀመሪያው ሲሆን፣ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆነው ገቡ። ከዚያ በኋላ እስከ 1965 ዓ.ም. ድረስ በየአራት ዓመቱ ምርጫ ተደርጓል።

ነገር ግን የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም። ለመመረጥ በሕግ የተወሰነ ንብረት ሊኖር ያስፈልግ ነበር። ሁለት መቶ ሺህ ሕዝብ ለሚኖርበት አንድ የምርጫ ክልል ሁለት እንደራሴዎች ብቻ ይመደባሉ። መንገድ በሌለበት ተራራማ አገር፣ ሬዲዮ በብርቅ በሚታይበት ዘመን፣ ገበሬው ዕጩውን የሚያውቀው ቢበዛ በስሙና በዘሩ ነበር። ፓርቲ ስለሌለ የሚመዘን ዓላማና ፕሮግራም አልነበረም። «ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ ቢያገኝም «ምን ሊያደርግ ነው?» የሚለው ሳይጠየቅ ይቀር ነበር።

የ1960 ዓ.ም. ግብር

ያልተጠየቀው ጥያቄ ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ከአባይ ማዶ በጎጃም ታየ። በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ በፓርላማው አልፎ ወጣ። አዋጁ የጥንቱን አሥራት የሚተካ ሲሆን፣ ግብሩም እንደ ገቢው መጠን ከፍና ዝቅ እንዲል የታሰበ ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ለድሃው ገበሬ የሚከፋ አይመስልም።

ሆኖም ሕጉ ወደ ገበሬው ደጅ የደረሰው በማስረዳት ሳይሆን በገማች ሹም አማካይነት ነበር። ሰብሉን ሊገምቱ የመጡትን ሰዎች ገበሬው ርስቱን ሊለኩና ሊነጥቁ የመጡ አድርጎ አያቸው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በግብር አሰባሰብ የደረሰበት በደልም ሥጋቱን አባባሰው። በዚያው ዓመት ብዙ የጎጃም ወረዳዎች ግብር አንከፍልም ብለው መሣሪያ አነሡ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ። ሕይወት ጠፋ፤ ቤትም ተቃጠለ። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ከቦታቸው ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተማረ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። አዋጁ ባለፈበት ምክር ቤት ውስጥ ጎጃሞች የመረጧቸው እንደራሴዎችም ነበሩ። ገበሬው ድምፅ ሰጥቷል። ነገር ግን ድምፁን ሲሰጥ ስለ ግብር የጠየቀ፣ ሕጉ በሚመከርበት ጊዜም ወደ መራጩ ተመልሶ «እንዲህ ዓይነት ነገር ቀርቧልና ምን ትላላችሁ?» ያለ የሚያገናኝ መንገድ አልተዘረጋም። በምርጫ ጣቢያ ያልተነሣው ጥያቄ በጫካ በጥይት ተነሣ።

በተቃራኒው፣ የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነትን ለማሻሻል የተዘጋጀው ረቂቅ ሕግ በዚሁ ፓርላማ ለዓመታት ተጓትቶ እስከ 1966 ዓ.ም. አብዮት ድረስ ሳይጸድቅ ቀረ። ንብረት ያለው ብቻ በሚመረጥበት ምክር ቤት የባለመሬቱን ጥቅም የሚነካ ሕግ መጓተቱ አያስገርምም። ማን እንደሚመረጥ የሚወስነው ደንብ ምን ዓይነት ሕግ እንደሚወጣም ይወስናል።

እጅ ማውጣት ያልበቃባቸው ዓመታት

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ፤ የገበሬ ማኅበራትም ተቋቋሙ። ርስት ያልነበረው ገበሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በስብሰባ ተቀምጦ ሊቀመንበሩን በእጅ ብልጫ መረጠ። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ብዙ ጎልማሶችን ፊደል አስቆጠረ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በየገጠሩ ስሙን መጻፍ የቻለ፣ አዋጅ ማንበብ የቻለ መራጭ ተፈጠረ።

ነገር ግን ማንበብ የቻለው መራጭ የሚመርጠው ነገር ጠበበ። ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. በሕገ መንግሥቱ ላይ ውሳኔ ሕዝብ ተደረገ፤ ሰኔ 7 ቀን 1979 ዓ.ም. ደግሞ 835 መቀመጫ ላለው ብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ተካሄደ። ዕጩዎቹ ግን በአንዱ ፓርቲ ወንፊት ተጣርተው የሚቀርቡ ነበሩ።

በኅብረት ሥራውም ዘርፍ የሆነው ይኸው ነው። አምራቾች በመልባ፣ በወልባና በወላንድ ደረጃ እንዲደራጁ ተደረገ። ገበሬው በሬውንና መሬቱን ወደ ጋራ ያስገባው በብዙ ቦታ አምኖበት ሳይሆን ተገዶ ነበር። በስብሰባ እጁን ያወጣል፤ እጁን ላለማውጣት ግን መብት አልነበረውም። በዚህም ምክንያት በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ፣ አብዛኞቹ የአምራች ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። አባላቱ እውነተኛ ድምፃቸውን የሰጡት በሬያቸውን ፈትተው ሲሄዱ ነው። «ማኅበር» የሚለው ቃል በገበሬው ዘንድ ለረጅም ጊዜ ጥርጣሬን ማሳደሩም ከዚሁ የመነጨ ነበር።

ሣጥኑ ከመጣ በኋላ

በ1985 ዓ.ም. የምርጫ ቦርድ በአዋጅ ተቋቋመ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም 18 ዓመት የሞላው ዜጋ ሁሉ በነፃነት የመምረጥ መብት እንዳለው ደነገገ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት በየአምስት ዓመቱ እንደሚመረጡ፣ በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳደሩት መካከል ብልጫ ድምፅ ያገኘው እንደሚያሸንፍ፣ መራጩ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችልም በሕገ መንግሥቱ ተጻፈ። መራጩ ሁለት ወረቀት ይይዛል፦ አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለክልል ምክር ቤት።

ብዙ መራጭ ለመጀመሪያው ወረቀት ይጨነቃል፤ ሁለተኛውን እንደ ተጨማሪ ያየዋል። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። የገጠር መሬትን የማስተዳደር ሥልጣን የክልል ነውና። በግንቦት 1987 ዓ.ም. የተመረጠው የአማራ ክልል ምክር ቤት በ1989 ዓ.ም. የመሬት ድልድል አዋጅ አወጣ። በክልሉ ልዩ ልዩ አካባቢዎች መሬት እንደገና ተሸነሸነ። ብዙ መሬት ያልነበራቸው ወጣቶችና ሴቶች መሬት አገኙ። በሌላ በኩል ቀደም ባሉት መንግሥታት ዘመን በአስተዳደር ሠርተዋል ተብለው «ቢሮክራት» እና «የፊውዳል ርዝራዥ» የሚል ስም የተሰጣቸው ገበሬዎች ይዞታቸው ወደ 4 ጥማድ ያህል እንዲወርድ ተደረገ። ድልድሉን የሚደግፈውም ሆነ የሚያዝንበት ሰው ሊክደው የማይችለው አንድ ነገር አለ፤ የአንድ ቤተሰብ የዕለት እንጀራ የተወሰነው በዚያ ሁለተኛ ወረቀት በተመረጠ ምክር ቤት ነው። በ1992፣ በ1998 እና በ2009 ዓ.ም. የወጡት የክልሉ የገጠር መሬት አዋጆችም፣ የባልና የሚስት ስም በአንድነት የሚሰፍርበት የይዞታ ደብተርም ከዚሁ ምክር ቤት ሥልጣን የመነጩ ናቸው።

መራጩ መረጃ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ደግሞ በ1997 ዓ.ም. ታይቷል። ከግንቦት 7ቱ ምርጫ በፊት ተወዳዳሪ ፓርቲዎች በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ተከራከሩ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ይሁን ወይስ የግል የሚለው፣ የግብርና ፖሊሲውም ጉዳይ በአደባባይ ተነሣ። ባለ ሬዲዮው ቤት የጎረቤት መሰብሰቢያ ሆነ። ለመራጭነት የወጣው ሕዝብ ብዛት ከዚያ በፊት ያልታየ ነበር፤ ተቃዋሚዎችም ከ547 መቀመጫዎች ከ170 በላይ አገኙ። ከምርጫው በኋላ ግን በውጤቱ ላይ የተነሣው ውዝግብ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. የብዙ ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ። በ2002 ዓ.ም. ከገዢው ፓርቲና ከአጋሮቹ ውጪ ወደ ምክር ቤት የገቡት አንድ የተቃዋሚ ተወካይና አንድ የግል ተወዳዳሪ ብቻ ሲሆኑ፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ አንድም የተቃዋሚ ተወካይ አልነበረም።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ኃላፊነቱ የመራጩ ብቻ አለመሆኑ ነው። አማራጭ ሐሳብ በነፃነት ካልቀረበ፣ የሚጠይቅ ሰው ካልተከበረ፣ ድምፁም በትክክል ካልተቆጠረ መራጩ ብቻውን ዐዋቂ ቢሆን የትም አይደርስም። ቢሆንም የሌላው ኃላፊነት አለመወጣት መራጩን ከራሱ ኃላፊነት ነፃ አያደርገውም። ስድስተኛው አጠቃላይ ምርጫ የተካሄደው ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. እርሻ በሚበረታበት ወር ነበር። በሬውን አሳድሮ ሥራውን ትቶ የተሰለፈ ገበሬ ቀኑን የሠዋለትን ወረቀት ሳይመረምር ቢያስገባው የባከነው ቀኑ ብቻ አይሆንም።

የማኅበሩ ጉባዔ እንደ ትምህርት ቤት

ታዲያ አርሶ አደሩ መመርመርን የሚለማመደው የት ነው? አገራዊ ምርጫ በአምስት ዓመት አንዴ የሚመጣ በመሆኑ በእርሱ ብቻ ልምድ አይገኝም። እዚህ ላይ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ትልቅ ድርሻ አላቸው።

በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 ከቀድሞው አስገዳጅ አሠራር የተለየ መሠረት ጣለ። ወደ ማኅበር መግባትም ሆነ መውጣት በፈቃድ ሆነ። አንድ አባል፣ የገዛው ዕጣ ብዙም ይሁን ጥቂት፣ አንድ ድምፅ ብቻ አለው። ማንም አባል ከማኅበሩ የተከፈለ ካፒታል ከ10 በመቶ በላይ ዕጣ ሊይዝ አይችልም። በ2009 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 985ም የአንድ አባል አንድ ድምፅን መርሕ አጽንቷል። ጭቃ ሹምነት ርስት ይጠይቅ ነበር፤ የ1948ቱ ሕግ ለመመረጥ ንብረት ይጠይቅ ነበር፤ በማኅበር ጉባዔ ግን የአንድ ጥማድ ባለቤትና የስምንት ጥማድ ባለቤት እኩል እጅ ያወጣሉ።

ሕጉ ግን መሣሪያ እንጂ ሥራ አይደለም። ሒሳቡ ኦዲት ተደርጎ ለጉባዔ ሲቀርብ «ይጽደቅ» ብሎ ለማጨብጨብ የሚቸኩል አባል፣ በአገር ምርጫም ያንኑ ያደርጋል። ማዳበሪያው በስንት ተገዝቶ በስንት እንደተሸጠ፣ እህሉ በመጋዘን ስንት ወር እንደቆየና ለምን እንደቆየ፣ ትርፉ ወዴት እንደሄደ የጠየቀ አባል ግን ለዕጩ ተወዳዳሪም ጥያቄ አያጣም። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል፤ ካለመጠየቅ ግን የሚቀረው ከሹመትም በላይ ነው። ከሁሉም በላይ፣ በብዙ ቦታ በአባልነት መዝገብ የሰፈረው የአባወራው ስም ብቻ በመሆኑ፣ ሚስትም አባል ሆና በጉባዔ ካልተናገረች የቤቱ ግማሽ ዕውቀት ሳይሰማ ይቀራል። የይዞታ ደብተሩ ሁለቱንም ስም ይዞ የማኅበሩ መዝገብ አንዱን ብቻ ሊይዝ አይገባውም።

መራጩ ሊያነሣቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ውስብስብ አይደሉም። ለክልል ምክር ቤት የሚወዳደረው ሰው መሬት ለሌላ ሥራ ሲፈለግ ስለሚከፈለው ካሳና ስለ ወጣቶች መሬት ማጣት ምን ያስባል? ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚወዳደረው ስለ ማዳበሪያ አገባብ፣ ስለ ግብርና ስለ በጀት ክፍፍል ምን አቋም አለው? ቀደም ሲል የተመረጠ ከሆነ ስንት ጊዜ ወደ መራጩ ተመለሰ? ቃል የገባውን በምን ገንዘብ፣ በስንት ጊዜ ይፈጽመዋል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ተስፋ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ነው። የሰሙትንም ወሬ ከአንድ ምንጭ ብቻ ይዞ አለመሄድ፣ በሬዲዮ የሰሙትን ከገበያ፣ የገበያውን ፊደል ከቆጠረው ልጅ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። በ1960 ዓ.ም. ከአባይ ማዶ የፈሰሰው ደም ግማሹ ሕጉን በቅጡ ከሚያስረዳ ሰው መጥፋት የመጣ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

በጉማራ ተፋሰስ መልካም ጎረቤቶች ክረምቱ ሳይገባ ማሳቸው ዳር ቆመው ውኃው ወዴት ቢወጣ ማንን እንደሚጎዳ ይነጋገራሉ። የሚነጋገሩት ዝናቡ ከመዝነቡ በፊት ነው፤ ቦረቦሩ ከተከፈተ በኋላ የሚደረግ ውይይት ሽምግልና እንጂ ምክር አይሆንምና። ድምፅ ሰጪውም ጥያቄውን የሚያነሣበት ጊዜ ወረቀቱ ወደ ሣጥኑ ከመግባቱ በፊት ነው። ማኅበራት በየጉባዔያቸው ይህን ልምድ ሲያዳብሩ የሚያፈሩት የተሻለ የእህል ዋጋ ብቻ ሳይሆን፣ በአገሩ ጉዳይ ጠይቆ የሚወስን ዜጋም ይሆናል።